ልጄ ከሆስፒታል ወጥታለች፣ እኔ ግን ሌሊቱን ትንፋሿን ስቆጥር ይነጋል፤ እናንተ እንዴት አለፋችሁት?

የበኩሬ እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞችም ካላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሦስት ወር ተኩል ሆኗታል። ሰሞኑን ብሮንካዮላይተስ በሚሉት የትንፋሽ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከትናንት በስቲያ ወጥተናል። ተመስገን፣ ጡት ትጠባለች፤ ኦክስጅንም አያስፈልጋትም ተብለናል። የእኔ ልብ ግን ገና አልተመለሰም።

ነገሩ የጀመረው እንደ ማንኛውም ጉንፋን ነው። አፍንጫዋ ተዘጋ፣ አስነጠሳት፣ ገላዋ ትንሽ ሞቅ አለ። እናቴ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» አለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጡቴን ትይዝና ሁለት ሦስት ጊዜ ስባ እየለቀቀች ታለቅስ ጀመር። ልብሷን ገልጬ ሳያት ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ገላ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ ይጠባሉ፤ ደረቷ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ፉጨት አለ። በዚያው ሌሊት በባጃጅ ይዘናት ሄድን።

እዚያ ኦክስጅን አደረጉላት። መጥባት ስላቃታት ወተቴን አልቤ በአፍንጫዋ ወደ ሆዷ በገባች ቀጭን ቱቦ ነበር የምንሰጣት። ነርሷ የሲሪንጁን መግፊያ አውጥታ ጣለችና ባዶውን ቱቦው ላይ ሰክታ ወተቱን አፈሰሰችበት፤ «አትግፊው፣ ከፍ አድርገሽ ብቻ ያዢው፤ በራሱ ይወርዳል» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ያዝኩት። ወተቱ ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ልጄ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እንደምትጠባ ታንቀሳቅስ ነበር። ያን ሳይ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያ ድረስ እንባዬ አልመጣም ነበር።

አሁን ችግሬ ሌሊቱ ነው። ሆስፒታል ሳለን እግሯ ጣት ላይ ቀይ መብራት ያለው ነገር ታስሮ ቁጥር ያሳይ ነበር። ቤት ስንገባ ቁጥሩ ጠፋ። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ። ፈጠነ ስል እደነግጣለሁ፤ ዝግ ሲል ደግሞ የባሰ እደነግጣለሁ። በስልክ መብራት ከንፈሯን አያለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው፤ አብዛኛውን ሌሊት የለም። እናቴ አብራን አለች፤ እሷ ደግሞ የከሰል ምድጃውን መኝታ ክፍል አስገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ለስላሳ ቅቤም እናስውጣት ትላለች። ጎረቤታችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪያት» ብላኛለች። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ እኔን ያሳደገችኝ በዚሁ እጇ ነው።

ጥያቄዬ፦ መቼ ነው የምመለሰው? ምኑን ነው የማየው? ፋርማሲ ያየሁትን፣ የደም ኦክስጅን የሚለካውን የጣት መለኪያ ልግዛ? አንቲባዮቲክ ሳይሰጧት መውጣታችንስ ልክ ነው? እንቅልፍስ እንዴት ነው የሚገኘው?

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ፣ አይዞሽ። ሁለተኛ ልጄ እንዲሁ ታሞብኝ ስለነበር ያልሽው ሁሉ ገብቶኛል።

አስቀድሜ ስለ እንጥሉ፦ እባክሽ አታስነኪያት! እንጥል ሳልም ትንፋሽ ማጠርም አያመጣም። በሠፈራችን በዚሁ ምክንያት ደም አልቆም ያለውን ሕፃን ሰዎች ይዘው ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤትሽ በክፋት አላለችሽም፤ አንቺ ግን «ሐኪም ከልክሎናል» በያትና ጨርሽ። ክርክር ውስጥ አትግቢ።

ከእናትሽ ጋር ግን ክርክር ሳይሆን ሥራ ተካፈሉ። ሴት አያቶች ዳር ሲቆሙ ነው ቅቤና ጢስ የሚያመጡት፤ የልጅ ልጃቸው ስትታመም እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይችሉማ። እኔ እናቴን «የማታው ተራ ያንቺ ነው» ብያት ነበር። ትንፋሽ መቁጠሩን አሳየኋት፤ ማንበብ ባትችልም መቁጠሩ ቀላት። ከዚያ ወዲያ ቅቤ የሚል ቃል አልሰማሁም።

ነርስ ነኝ (የሕፃናት ክፍል)

እህቴ፣ ሆስፒታል በጊዜ አድርሰሻታል። ጥያቄዎችሽን እኔ በሚመቸኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ብሮንካዮላይተስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አር ኤስ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ትንንሾቹ የሳንባ ቧንቧዎች ያብጡና በአክታ ይሞላሉ፤ ሲር ሲር የሚለው አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ነው። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ሐኪሞቹ ያልሰጧት ለዚህ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ቢጠረጠር ኖሮ ይሰጧት ነበር። ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ይለዝባል። ሳሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ስላሳለች ብቻ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ቆጠራው። እጅሽን ደረቷ ላይ አድርገሽ ሌሊቱን ሙሉ መቁጠር ምንም አይነግርሽም፤ ያደክምሻል እንጂ። ተኝታ ወይም ረጋ ብላ ሳለች፣ ሳትጠባና ሳታለቅስ፣ ልብሷን ገልጠሽ ሆዷን እያየሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አያስተማምንም፤ የሕፃን ትንፋሽ እኩል አይሄድማ። ጥቂት ፈጠን ብለው ይተነፍሱና አምስት ስድስት ሰከንድ ያህል ቆም ይላሉ፤ ጤነኞቹም እንዲሁ ናቸው። «ዝግ ሲል የባሰ እደነግጣለሁ» ያልሽው ይኸው ይመስለኛል። ለማጥባት በተነሣሽ ጊዜ አንድ ጊዜ ቆጥረሽ ተኚ።

ከቁጥሩ ይልቅ የምነግርሽን ያዢ። ከጎድን አጥንቷ ሥር እንደገና ከተሰረጎደ፣ በየትንፋሹ ካቃሰተች፣ መጥባት ካቃታት ወይም ሽንቷ ከወትሮው ግማሽ በታች ከሆነ፣ ዝላ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ምላሷና ድዷ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ ከቆየ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ሰዓት ሳትጠብቂ በዚያው ሌሊት ይዘሻት ሂጂ። «አሁን ከወጣን ገና ምን ይሉኛል» አትበዪ። ማንም ምንም አይልሽም፤ የሚልሽ ካለም ይበልሽ፣ ሂጂ ብቻ። ቀለም ስታዪ ከከንፈር ይልቅ ምላሷን እዪ፤ የስልክ መብራት የከንፈር ቀለም ያሳስታል።

የጣት መለኪያውን አትግዢ እልሻለሁ። ፋርማሲ የሚሸጠው የአዋቂ ጣት የሚይዝ ነው፤ የሕፃን ጣት ውስጡ ይዋልላል፣ እግሯን ስታወራጭ የውሸት ቁጥር ያወጣል። ደግሞም ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ቦታ ላይ የጤነኛ ሕፃን ቁጥር እንኳ ዝቅ ይላል፤ ባለቤትሽ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢለካና ቤቱ ገብቶ ቢለካ አንድ ዓይነት አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአብዛኛው ቦታ ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ኦክስጅን ይሰጥ ይላል፤ ያንን ግን በሕፃን መለኪያ፣ በሐኪም ፊት ነው የምናየው። ቤትሽ ውስጥ አጠባቧ ከመለኪያው ይበልጣል። ልጅ ትንፋሽ ሲያጥራት አስቀድማ የምትተወው ጡት ነው፤ አንቺም ያወቅሽው በዚያ ነበር።

አፍንጫዋን ከማጥባትሽ በፊት ክፈቺላት። ፋርማሲ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አለ፤ በየቀዳዳው ጥቂት ጠብታ፣ ትንሽ ቆይቶ በአፍንጫ መምጠጫ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ሕፃናት በዚህ ዕድሜ በአፋቸው መተንፈስ አይሆንላቸውም፤ አፍንጫ ሲዘጋ ጡትም ትንፋሽም አብረው ይቸግራሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጥባት ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። የሳል ሽሮፕ አትስጪያት። ማርም ከአንድ ዓመት በፊት ክልክል ነው።

ቅቤው ያስፈራኛል። ለሚያስላትና ትንፋሽ ለሚያጥራት ሕፃን ቅቤ ሲያስውጧት ወደ ሳንባ ይገባል፤ ቅባት ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሳል አያወጣውም፤ ራሱን የቻለ የሳንባ ምች ያመጣል። እናትሽ ቅቤውን ላንቺ ገንፎ ላይ ያድርጉት፤ አራስ አይደለሽ!

ከሰሉ ከሁሉ ይብሳል። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ሠርቻለሁ። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፤ ልጅቷን ብቻ ሳይሆን ሦስታችሁንም በእንቅልፋችሁ ሊገድል ይችላል። «ውጭ ቀልቶ ፍም ሆኖ ነው የገባው» ማለት አያድንም፤ ፍሙም ያወጣል። የዕጣንና የቡና ጢስም ለጊዜው ከክፍሏ ይራቅ፤ የታመመ ቧንቧ ጢስ አይችልም። ልብስ ደርቡላት፣ ጉያሽ አድርጊያት፣ ፊቷን ግን በጋቢ አትሸፍኑባት። ስትተኛ በጀርባዋ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፤ ትራስ አይደረግላት።

አባ ወራ፣ ሐዋሳ

ነርሷን አመሰግናለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የእኔ ወንድ ልጅ በሁለት ዓመቱ ሲር ሲር ሲል በኔቡላይዘር (መድኃኒት እንደ ጭጋግ አድርጎ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ሳልቡታሞል ሰጡትና ወዲያው ቀለለው። ይህቺ ሕፃን ለምን አልተሰጣትም? ቤት ውስጥ ኔቡላይዘር ቢገዙስ?

ነርስ ነኝ (የሕፃናት ክፍል)

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ሳልቡታሞል የሚያላላው በቧንቧው ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ ነው። የእርስዎ ልጅ ችግር እሱ ሳይሆን አይቀርም። በብሮንካዮላይተስ ግን መንገዱን የዘጋው እብጠትና አክታ ስለሆነ መድኃኒቱ ብዙም አይረዳም፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ስለዚህ በእሷ ዕድሜ ላሉ ሕፃናት እንደ ልማድ አይሰጥም። ኔቡላይዘር ሐኪም ሳያዝ አይገዛ። እህቴ፣ ይህን ስታነቢ «እንግዲያስ አስም ነው» ብለሽ እንዳታስቢ፤ አንዳንድ ሕፃናት ከዚህ በኋላ ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ሲር ሊሉ ይችላሉ፤ አስም ነው አይደለም የሚባለው በዚህ ዕድሜ አይደለም።

የመንታ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ስለ ሕክምናው እኅታችን ጨርሳዋለች፤ እኔ ስለ እንቅልፉ ልበል፤ ከሁሉም ችላ የሚባለው እሱ ስለሆነ።

መንታዎቻችን ቀናቸው ሳይሞላ ነው የተወለዱት። በፈረንጆች 2022 መገባደጃ እዚህ አሜሪካ አር ኤስ ቪ በርትቶ የሕፃናት ሆስፒታሎች ሞልተው ነበር፤ የእኛም ሁለቱም በአንድ ሳምንት ታመሙ። ዳኑ። ባለቤቴ ግን ልጆቹ ድነው እሷ ታመመች። በእኔ ተራ እንኳ፣ ልጆቹ ክንዴ ላይ ተኝተው፣ ሌላ ክፍል ሆና ዓይኗ አይከደንም። ልብሷን ሳታወልቅ ጫማዋን አልጋው ሥር አስተካክላ ትጋደማለች። ሐኪሟ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም እንደሆነ ነግራ አከመቻት፤ ተሻላት። ሰው በሚጠብቅልሽ ሰዓት እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽና ሰንበት ካለ፣ ይህንንም ለሐኪም ተናገሪ። ልጅሽን በምታሳዪበት ቀጠሮ ላይ «እኔም አልተኛሁም» ማለት ነውር የለበትም።

ተራ ማድረግ ያዋጣል። እኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት የእኔ ነበር፣ ከዚያ እስኪነጋ የእሷ። ተራው ያልሆነ ሰው በሩ ተዘግቶ ነው የሚተኛው። እናትሽ ካሉ ይህን ማድረግ ትችያለሽ። ባለቤትሽም መንገድ ላይ ሆኖ ሥራ አለው፤ ለማጥባት በምትነሺበት ሰዓት ይደውል፤ ቆጠራውን ለእሱ ንገሪው፣ እሱ ይጻፈው። ሩቅ ያለ አባት «እንዴት ናት?» ብሎ ከመጠየቅ በቀር የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እሱም ይረጋጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በውጭ ለምትኖሩ ነፍሰ ጡሮች፦ በ2023 እዚህ ሁለት ነገር ተፈቅዷል። አንዱ እናት ከ32ኛው እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት የምትወስደው የአር ኤስ ቪ ክትባት ነው፤ ሌላው ለሕፃኑ ራሱ የሚሰጥ የፀረ እንግዳ አካል መርፌ ነው። ለሦስተኛዋ ልጃችን ባለቤቴ በእርግዝናዋ ክትባቱን ወስዳለች። ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ።

የበኩሬ እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምድጃው ወጥቷል። እናቴን ስለ ከሰሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና በሕፃንነቷ በእነሱ ሠፈር ባልና ሚስት በከሰል እንዳለቁ ራሷ አስታወሰች፤ ሰዎቹ ያኔ ጋኔን ነው ብለው ነበር አለችኝ። ከዚያ ማንም ሳያዛት ተነሥታ አወጣችው። ቆጠራውንም አሳይቻታለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት 38 ቆጠረች፤ እኔም ደግሜ ቆጥሬ ያንኑ አገኘሁ። ባለቤቴ ጋላፊ ላይ ወረፋ ይዟል፤ ሌሊት ይደውላል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የ14 ሳምንት ክትባቷ ቀጠሮ ሆስፒታል ሳለን አለፈ። አሁንም ትንሽ ታስላለች። ሳሉ እስኪለቃት ልጠብቅ?

ነርስ ነኝ (የሕፃናት ክፍል)

አትጠብቂ። ትኩሳት ከሌላትና ደኅና እየጠባች ከሆነ ቀላል ሳል ክትባት አያስከለክልም። የ14 ሳምንቱ ውስጥ ፒሲቪ፣ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ከዋነኞቹ አንዱን የሚከላከለው፣ ሦስተኛ ዙር አለ። አር ኤስ ቪን አይከላከልም፤ በደከመ ሳንባ ላይ ሌላ እንዳይጨመርባት ግን ያስፈልጋታል። የክትባት ካርዷንና ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀት ይዘሽ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከመርፌው በፊት ትንፋሿን ይቁጠሩልሽ።