የጠይም ፊት ሥዕል በዘይት ቀለም፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ
በእርሳስ የሰው ፊት መሳል ስለተለማመድኩ፣ አሁን የጥንት አውሮፓውያን ሠዓሊዎች በሚሠሩበት ስልት በዘይት ቀለም የእናቴን ምስል ለመሥራት ቆርጫለሁ። ይሁን እንጂ የማነባቸው የቀለም አቀማመሞች ለነጭ ቆዳ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ የእናቴ ጠይም ፊት ነጭ ቀለም በተጨመረበት ቁጥር አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ያለ መምህርስ መማር ይቻላል?

የመጀመሪያ መልስ
ነጭ ቀለም ማፍካት ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝና ማደብዘዝም ስላለበት ነው። ብርሃን ያገኘውን የጉንጭ ክፍል በነጭ ከማንሳት ይልቅ በቢጫ ኦከርና በተቃጠለ ሲዬና (ቢጫማና ቀይ ቡናማ የአፈር ቀለሞች) ያንሱት፤ ነጩን ብርሃን በቀጥታ ለሚያርፍባቸው ለግንባርና ለአፍንጫ ጫፍ ያቆዩት። በዚያ ቦታ የሚያብረቀርቀው የቆዳው ቀለም ሳይሆን የብርሃኑ ነጸብራቅ ነውና፣ እናትዎ የጠራ ሰማይ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ቢቀመጡ ነጥቡ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ያዩታል፤ አልትራማሪን ከሚባለው ሰማያዊ ቀለም ጥቂት ከነጩ ጋር ቢቀላቀል ይበቃል። ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ በ1650 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሠራውን የጠይሙን ረዳቱን የኁዋን ደ ፓሬኻን ምስል አጥብቀው ይመልከቱ። ደማቁ ነጭ በአንገትጌው ላይ ሲያርፍ ፊቱ በሞቀ ቡናማ ቀለም ተይዟል። እኔ ከዚህ ሥዕል የተሻለ መምህር አላውቅም።

ሁለተኛ መልስ
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ቀለም ከመምጣቱ በፊት ብርሃንና ጥላ መለየት አለባቸው። ጥሬ አምበር በሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለምና በነጭ ብቻ ፊቱን ጨርሰው ያድርቁት፤ አምበር ማንጋኒዝ ስላለው ከብዙዎቹ ቀለሞች ቀድሞ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን በስሱ ይደርቡ። ዘይት የበዛበት ድርብ ዘይት ባነሰበት ላይ እንጂ በተቃራኒው አይቀባም፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ከቀደመ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሐድ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። አቡጀዲ የሚጠቀሙ ከሆነ አስቀድመው በሙጫ ይሸፍኑት፤ ዘይቱ ክሩን በቀጥታ ካገኘው ከጊዜ በኋላ ያበሰብሰዋል። ዘይት የጠጣን ጨርቅ ጨምድዶ መተው በራሱ ጊዜ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ሦስተኛ መልስ
ስለ መምህር ለጠየቁት፣ መደበኛ ትምህርት ከፈለጉ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። እስከዚያው ግን ሐዋሳ ሆነው መማር ይችላሉ፤ ከፎቶግራፍ ይልቅ ከሰው ፊት ይሥሩ፤ ካሜራ የጠይም ፊትን ጥላ ብዙ ጊዜ ያጠቁረዋልና። እናትዎንም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው።