በኢንሹራንስ ውሌ ላይ ያለው የግልግል አንቀጽ ፍርድ ቤት እንዳልሄድ ያግደኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ሽምብጥ ነዋሪ ነኝ። ከጣና ዳር ዓሣ እየተረከብሁ ለምግብ ቤቶች የማከፋፍልባት አንዲት ፒካፕ አለችኝ። ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ አላት፤ የአረቦን ክፍያዋንም አንድ ጊዜ እንኳ አሳልፌ አላውቅም። ባለፈው ኅዳር ከሐሙሲት ስመለስ ዘንዘልማ አካባቢ አንድ ባጃጅ በድንገት ከፊቴ ታጠፈ፤ ላተርፈው መሪ ብጠመዝዝም ጎኑን ገጭቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ። የባጃጁ አሽከርካሪ እግሩ ተሰብሯል። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንሥቷል፤ እኔም በማግሥቱ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

ሁለት ጋራዦች የሰጡኝ ፕሮፎርማ 410,000 እና 432,000 ብር ሲሆን፣ የድርጅቱ ገማች ግን ሻንሲው (የመኪናዋን አካል የሚሸከመው ዋናው ብረት) ከአደጋው በፊት የተሰነጠቀ ነው በማለት 190,000 ብር ብቻ እንዲከፈለኝ ወስኗል። ክስ ላቀርብ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ስሄድ፣ ሰውየው ውሉን አገላብጦ በመጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አሳየኝ። ከውሉ የሚነሣ ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት፣ ማለትም በፍርድ ቤት ፈንታ ተዋዋዮቹ በሚመርጧቸው ዳኞች እንደሚታይ፣ የግልግል ውሳኔ ሳይሰጥም በድርጅቱ ላይ ክስ ማቅረብ እንደማይቻል ይናገራል። ስፈርም ይህን ያነበበልኝም ሆነ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። በእርግጥ ፍርድ ቤት ተዘግቶብኛል? የተጎዳው ባለባጃጅስ በዚህ አንቀጽ ይታሰራል? ልጁ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ስለሆነ የእርሱ ነገር ከመኪናዬ ይልቅ ያሳስበኛል።

መልስ፣ በጥብቅና ሥራ ላይ ካለ ሰው

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስዎ ተረፈ። በአገራችን ሕግ የመኪና ኢንሹራንስ ክርክር ሁሉ በግልግል ይታይ የሚል አስገዳጅ ድንጋጌ የለም። እርስዎን ያሰረዎት ሕጉ ሳይሆን የፈረሙት ውል ነው፤ ውሉ ደግሞ በሁለቱ ተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 እንደ ፍቺ፣ ወንጀልና ግብር ያሉትን ጉዳዮች በግልግል እንዳይታዩ ሲከለክል የኢንሹራንስ ካሳን ግን ከእነዚህ ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ አንቀጹ በራሱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። አላነበብሁትም የሚለው መከራከሪያም፣ ሐዘንዎ ቢገባኝም፣ በፊርማዎ ፊት ብዙ አይቆምም።

ክስ ቢያቀርቡ ድርጅቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 መሠረት ጉዳዩ በግልግል የሚያልቅ ነው የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሣል፤ ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ ዋጋ ያለው መሆኑን ካረጋገጠ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ግልግል ይመራዎታል። መቃወሚያው በጊዜው ካልተነሣ ግን እንደተተወ ይቆጠራል። ሆኖም ድርጅቱ ይዘነጋዋል ብለው የዳኝነት ገንዘብ ከፍለው ክስ እንዲከፍቱ አልመክርዎትም።

ባለባጃጁ በውልዎ ላይ ስላልፈረመ አንቀጹ አይመለከተውም። የባለመኪናው ኃላፊነት ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የሚመነጭ ነው፤ እርስዎ ባያጠፉም እንኳ መኪናዎ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃሉ። ልጁ እርስዎን ቢከስስዎ ኢንሹራንሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ወደ ክርክሩ እንዲገባ ያመልክቱ። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 በእያንዳንዱ ባለመኪና ላይ የተጣለ ግዴታ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ከሽፋኑ የሚያልፈው ኪሳራ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለ ልጁ ማሰብዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ድርጅቱ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው አይፈርሙለት፤ ብዙ ውሎች ይህን ይከለክላሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ቀኑን ይቁጠሩ። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ጥያቄ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 674 መሠረት በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልም፤ የንግድ ሕጉ በ2013 ሲሻሻል ይህ ክፍል አልተነካም። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ድርጅቱ አልከፍልም ካለበት ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ለግልግል ያልቀረበ ጥያቄ እንደተተወ ይቆጠራል ይላሉ። እርስዎ አጭሩን ጊዜ ይያዙ።

መልስ፣ የመኪና ጉዳት ገማች ሆኖ ከሠራ ሰው

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ግልግልም ሆነ ፍርድ ቤት ነገሩ የሚወድቀው በሻንሲው ላይ መሆኑን ነው። ብረት ታሪኩን ይናገራል። የቆየ ስብራት ውስጡ ቡናማ ዝገት ይይዛል፣ አቧራና ግራሶ ይጋገርበታል፤ አንዳንዴም የድሮ ብየዳ ጠባሳ ይታይበታል። ከአደጋው ወዲያ የመጣ ስብራት ግን ቀለሙ ተፈልፍሎ ነጭ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ብቻ ስስ ቀይ ዝገት ይይዛል። ስለዚህ ጋራዡ አንዲት ብየዳ እንኳ ሳያሳርፍ ስብራቱን በቅርበት፣ ሜትር አጠገቡ አድርገው፣ ሰሌዳውም እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ ከድርጅቱ ጋር ጉዳይ የሌለው የመካኒካል መሐንዲስም አይቶ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ወረቀትዎንም ይፈልጉ፤ ከአደጋው በፊት ሻንሲው ደኅና እንደነበር የሚያሳይ ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው።

መልስ፣ በግልግል ካለፈ ባለመኪና

ለወንድሜ የማካፍለው የደረሰብኝን ነው። የእኔ ውል ሦስት ዳኞች ይላል፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን ድርጅቱ፣ ሰብሳቢውን ሁለቱ ዳኞች ይመርጣሉ። ስብሰባው አዲስ አበባ ስለነበረ የመንገዱና የማደሪያው ወጪ፣ ከዳኞቹ አበል ድርሻዬ ጋር ሲደመር፣ ካገኘሁት ካሳ ብዙውን በላው። ፍትሕ አላጣሁም፤ ዳኞቹ ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰምተውናል። ግን ከመጀመሪያው አንድ ዳኛ ብቻ እንዲሆን፣ ስብሰባውም ባሕር ዳር እንዲደረግ በጽሑፍ ብጠይቅ ኖሮ ሸክሙ ይቀልልኝ ነበር። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ የዳኞቹን ቁጥርም ሆነ ቦታውን መለወጥ ትችላላችሁ። ድርጅቱ ዳኛ አልመርጥም ብሎ ቢያጓትት ፍርድ ቤት ይሰይምልዎታል፤ በዚያ በኩል በሩ አልተዘጋም። ይግባኙን ግን አስቀድመው ያስቡበት። በግልግል አዋጁ መሠረት ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ በቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር በሰበር (የሕግ ስሕተትን በሚያርመው ችሎት) ማመልከት የሚቻለውም ውላችሁ ይህን ካልከለከለ ነው። ያንን መስመር ሳያነቡ አይቀመጡ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ሄጄ ከመኪናዋ ሥር በመብራት አየሁ። የተሰነጠቀው ከቀኝ የፊት ጎማ በስተኋላ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ብረቱም ገና ስስ ዝገት ነው ያለው። ባለጋራዡ ብየዳ እንዳይጀምር በጽሑፍ አሳውቄዋለሁ፤ መሐንዲሱም ነገ ይመጣል። በአንድ ዳኛ፣ እዚሁ ባሕር ዳር እንዲታይልኝ የሚጠይቀውን ደብዳቤ አስጽፌ ነገ ገቢ አደርጋለሁ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ሳላስመታ አልመለስም። ለባለባጃጁም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሴን ቁጥርና የድርጅቱን ስም ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ እናቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።