የእድር መዝገብ፦ ስልክ ቁጥር ዋና ቁልፍ ይሁን?

ጠያቂ፦ ሰላም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የእድራችንን መዝገብ ከደብተር ወደ ፖስትግሬስ (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) እያዞርኩ ነው። ስልክ ቁጥርን ፕራይመሪ ኪይ (ዋና ቁልፍ፣ እያንዳንዱ አባል የሚለይበት) አደረግኩት። ትናንት አንድ እናት ስልካቸው ተሰርቆ አዲስ ሲም አውጥተው መጡ። ቁጥሩን ልቀይር ስል በስልክ ቁጥሩ የተያያዘው የመዋጮው ሠንጠረዥ አሻፈረኝ አለ። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦ ስልክማ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የሌላ ሰው ነው። ራሱ የሚቆጥር መለያ ስጣቸው። ስልኩን ዩኒክም (የማይደገም) አትበለው፤ ባልና ሚስት በአንድ ቁጥር ይመዘገባሉ።

መልስ 2፦ ኦን አፕዴት ካስኬድ (ቁልፉ ሲቀየር የተያያዙትንም የሚቀይር ትእዛዝ) ብትጨምር ያልፍልሃል። እኔ ግን አልወደውም፤ ለአንድ ስልክ ብለህ የ5 ዓመት መዋጮ፣ 60 መስመር፣ አብሮ ይቀየራል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም አያዋጣህም። ሁሉም አልያዘም፤ ዋና ቁልፍ ደግሞ ባዶ አይሆንም።

ጠያቂ፦ ወደሚቆጥረው ቀየርኩት። አሁን ደግሞ አንድ አባት ሁለቴ ገቡ! ቁጥር 41ም 87ም እሳቸው ናቸው።

መልስ 1፦ እንደዚህ ራሱ የሚቆጥር፣ የሰው ሠራሽ ቁልፍ ጣጣው ይሄ ነው፤ ድግግሞሽ አይከለክልም። መጀመሪያ ድግግሞሹን አጥፋ፤ ከዚያ ስም ከነአያት፣ ብሎክና ቤት ቁጥርን አንድ ላይ ዩኒክ አድርጋቸው።

ጠያቂ፦ ሠራ! ጸሐፊያችን ግን አሁንም ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ነው የሚዞሩት።