ጂማት 595 አመጣሁ፤ ልድገመው ወይስ በያዝኩት ላመልክት?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ቤተሰብ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ተፈትኜ 595 አመጣሁ። ቤት ስለማመድ ግን 635 እና 645 ነበር የማገኘው። የማመለክተው አውሮፓ ላሉ የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ፕሮግራሞች ነው። ስኮላርሺፕ ካልተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ያየኋቸው ፕሮግራሞች ሁለተኛ ዙር ማመልከቻ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፤ በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ማለት ነው።

የምሠራው ባንክ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ የቃሊቲን መንገድ አልፌ ቢሮ እስክገባ ጉልበቴ ያልቃል። ማታም ያው ነው። ለጥናት የሚተርፈኝ ሌሊትና እሁድ ብቻ ነው። የፈተናው ክፍያ በዶላር ስለሆነ የከፈለችልኝ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። አሁን ድገሚልኝ ብላት በምን ዓይኔ አያታለሁ? ደግሞስ ከ595 በታች ቢመጣብኝ? ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም ያያሉ?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳድ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አያዩም። አሁን ባለው አሠራር ውጤትሽን መጀመሪያ አንቺ ታያለሽ፤ ከዚያ የትኛው ይላክ የሚለውን ራስሽ ትመርጫለሽ። ትምህርት ቤቱ ጋ የሚደርሰው የላክሽው ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅ ቢል የምታጪው ገንዘቡንና ጊዜውን ነው። ከአንዱ ፈተና እስከ ቀጣዩ ቢያንስ 16 ቀን ይጠበቃል፣ በ12 ወር ውስጥም ከ5 ጊዜ በላይ አይፈቀድም። አንቺ ከሁለቱም ጋር ችግር የለብሽም።

ግን አንድ ነገር ንገሪን። የየክፍሉ ውጤትሽ ስንት ነው? 595 ብቻውን ምንም አይነግረንም።

መልስ፦ የሰበታው

እኔ ደግሞ አትድገሚው ባይ ነኝ። ስድስት ሳምንት ነው የቀረሽ። ከማመልከቻው ጋር የሚላኩትን ድርሰቶች ጀምረሻል? የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አለቃ ተገኝቷል? እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ፈተና ሲያሳድድ ከርሞ ድርሰቱን በመጨረሻው ሌሊት ይጽፋል። ያ ደግሞ ሲነበብ ያስታውቃል። በዚያ ላይ የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ 700 አምጥቶ ነው የገባው። አንቺ 640 ብታመጪ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳድ

ወንድሜ፣ ያ 700 የድሮው ፈተና ነው። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ነው የሚሄደው፣ ውጤቱም ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። የአሁኑ 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። በዚህ ስሌት 595 እና 640 ሰማይና ምድር ናቸው (640 የሚባል ውጤት ባይኖርም)። ስለ ድርሰቱ ግን እውነትህን ነው።

የቱሉ ዲምቷ

ሒሳብ 84፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባቡ) 79፣ ዳታ ኢንሳይትስ (ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበቡ) 75። ባንክ ሠራተኛ ሆኜ ሠንጠረዥ ጣለኝ፤ ሳቁብኝ። ዳታውን ወደ መጨረሻ አስቀምጬው ነበር። እዚያ ስደርስ ዓይኔ ፈዞ፣ አራት ጥያቄ ሳልነካ ሰዓቱ አለቀ። 645 ያገኘሁበት መለማመጃ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሠራሁት ነው።

መልስ፦ የለገጣፎዋ

በይ እንግዲህ፣ ችግሩ ተገኘ።

አንደኛ፣ 645ን እርሺው። ያየሽውን ጥያቄ ስትደግሚ ውጤት ያብጣል። ትክክለኛ መለኪያሽ 635 ነው። እሱም ቢሆን ከ595 ይርቃል፤ ስለዚህ መድገሙ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ሦስቱ ክፍሎች እኩል ነው የሚመዘኑት። ዳታውን ከ75 ወደ 80 ብቻ ብታደርሺው፣ ሌላው ባለበት ቢቆም እንኳ ጠቅላላው ወደ 625 ይወጣል። ሒሳቡን ከ84 ወደ 89 ማድረስ ግን ምን ያህል ሌሊት እንደሚበላ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሚያዋጣሽ ዳታው ላይ መሥራት ነው።

ሦስተኛ፣ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ዳታውን መጀመሪያ አድርጊው፤ አሥር ደቂቃዋንም እረፍት አትዝለያት። 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ይደርሰዋል። ብዙ ምንጭ አንብቡ የሚለው ጥያቄ ሰዓት ይበላል። ንዑስ ጥያቄዎች ያሉት ከሆነ ደግሞ አንዷን ብትስቺ ለተቀሩት ነጥብ አይሰጥም። ከከበደሽ ገምተሽ እለፊ። በየክፍሉ እስከ 3 መልስ ተመልሶ መቀየር ይቻላል፣ ሰዓት ከተረፈ። ባዶ መተው ግን ከመገመት የባሰ ይቀጣል፤ አራቱ ጥያቄዎች የጎዱሽ እንደዚያ ነው።

ቴሌግራም ላይ በሚዞሩት አሮጌ ፒዲኤፎችም አትለማመጂ። ጂኦሜትሪና የሰዋስው ማረሚያ ካየሽበት የድሮ ነው፤ ሁለቱም ከፈተናው ወጥተዋል። የፈተናው ድረ ገጽ ኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ ሁለት ነፃ መለማመጃ ፈተና አለ። አንቺ ጨርሰሻቸው ከሆነ የተወሰኑ የዳታ ጥያቄዎችን ብቻ ግዢ።

መልስ፦ ኮዬ ፈጬ ብሎክ

ቤት ሆኖ መፈተንም አለኮ። መንገዱ ይቀርልሻል።

መልስ፦ የለገጣፎዋ

መብራቱንስ ማን ይዞላት? ጎረቤት ሙዚቃ ከፍቶ፣ ልጅ በር እየደበደበ፣ ኔትወርክ እየሄደ እየመጣ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት አይፈቀድም። እኔ ማዕከል ሄጄ ብፈተን እመርጣለሁ። ከቻልሽ ዋዜማውን መሃል ከተማ ዘመድ ቤት እደሪ።

መልስ፦ የሰበታው

እሺ፣ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ድገሚው፣ ግን ድርሰቱን ከአሁኑ ጀምሪ። እሁድ ጠዋት ለድርሰት፣ ሌሊቱ ለዳታ። የነቢያት ጾምም ህዳር 15 ይገባል፤ የምትጾሚ ከሆነ የፈተናውን ቀን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ፣ ባዶ ሆድ ግራፍ አያነብም።

የቱሉ ዲምቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአክስቴን ልጅ ደወልኩላት። ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ «ስንት ነው የሚፈለገው?» አለችኝ። ታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ቦታ ይዣለሁ፤ ዳታው መጀመሪያ።

መልስ፦ ሒሳብ ወዳድ

ጥሩ። ቀጠሮው ላይ 9:00 የሚል ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መስሎት ሄዶ ፈተናው አልፎ ጠበቀው። ፓስፖርትሽንም አትርሺ፣ የተመዘገብሽበት ስም ፊደል በፊደል ከእሱ ጋር አንድ መሆን አለበት።