ድጋፉን መቼ ላንሳ? የክፍልፋይ ትምህርት ላይ ተቸግሬአለሁ

ሒሳብ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ሐሳብ አካፍሉኝ። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ላይ ነን። ብዙዎቹ ተማሪዎች 1/2 + 1/3 ሲባሉ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ። «2/5 ከ1/2 ያንሳል፤ ታዲያ 1/2 ላይ ተጨምሮበት እንዴት አነሰ?» ብዬ ስጠይቅ ስህተቱ ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያ እኩል ርዝመት ያላቸውን የወረቀት ቁራጮች ስድስት ቦታ አጥፈው 3/6 + 2/6 = 5/6 መሆኑን ራሳቸው ያገኙታል። ወረቀቱ ሲነሳ ግን ተመልሰው 2/5!

የገመትኩት ምክንያት እጃቸው የሠራውን በቁጥር ሳይጽፉ ስለሚያልፉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥፈው፣ ቀጥሎ ሥዕሉን ብቻ ስለው፣ በመጨረሻ ያለ ሥዕል እንዲሠሩ ላደርግ አስቤአለሁ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለማሳለፍ ግን ምን ምልክት ልጠብቅ? መልሱን ማግኘታቸው ይበቃል ወይስ ምክንያቱን በቃል ማስረዳት አለባቸው?

ቶሎ የሚጨርሱትም አሉ። ተመሳሳይ ጥያቄ መጨመር እንደ ቅጣት ስለሚሆንባቸው «ላዕላቸው 1 የሆኑ ሁለት የተለያዩ ክፍልፋዮች ተደምረው 1/2 እንዲሆኑ አድርጉ» እላለሁ (1/3 እና 1/6)። ቀጥሎ በሦስት ክፍልፋዮች፤ ለምሳሌ 1/4፣ 1/6 እና 1/12። ይህ በጣም ይማርካቸዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ወረቀት የሚታደላቸው ልጆች «ደካማ» ተብለው መታየታቸው ነው። አንዳንዶቹ እያስፈለጋቸውም አይወስዱትም። ወረቀቱን ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይወስድ እንዳይቀር ምን አደረጋችሁ?