የቦምብ ማስፈራሪያ ሲደርስ አውሮፕላኑ የት ይቁም?

ጥያቄ፦ የአንድ መካከለኛ ኤርፖርት የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ እየከለስን ነው። አየር ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ አለ የሚል ስልክ ቢደወል፣ ካረፈ በኋላ የት ይቁም? ሙሉ ልምምድስ በየስንት ጊዜው ነው?

መልስ 1፦ የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) የኤርፖርት ደንብ የሆነው አባሪ 14 ለዚህ ተብሎ የተለየ ማቆሚያ ይጠይቃል፤ ከሌሎች ማቆሚያዎች፣ ከሕንፃዎችና ሕዝብ ከሚገኝበት ስፍራ ከ100 ሜትር ያላነሰ። ርቀቱ ተለክቶ ከሥሩ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የጋዝ ወይም የነዳጅ ቧንቧ፣ የሚቻል ከሆነም የኤሌክትሪክና የመገናኛ ገመድ እንዳያልፍበት የመሬት ውስጥ ካርታውን አውጥታችሁ እዩ። ሙሉ ልምምድ ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አንዴ ይደረጋል፤ በመካከሉ ከፊል ልምምድ ይደረጋል።

መልስ 2፦ ስልክ የሚያነሳውን ሰው አትርሱት። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፦ ደዋዩ ያለው ቃል በቃል፣ ሰዓቱ፣ ከጀርባ የሚሰማው ድምፅ። ስልኩን ሳይዘጋ «የት ነው? መቼ ይፈነዳል? ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቅ። የበረራ ቁጥር ወይም ቦታ የጠቀሰ ማስፈራሪያ ከጥቅል ዛቻ በተለየ ይመዘናል።

መልስ 3፦ ተርሚናሉንም አስቡበት። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 ብራስልስ ኤርፖርት ላይ ሁለቱ ቦምቦች የፈነዱት ከፍተሻው በፊት ባለው የመነሻ አዳራሽ ነበር፤ ሦስተኛው ሳይፈነዳ ተገኝቷል። ስለዚህ የሸሸውን ሕዝብ ሁሉ አንድ ቦታ አታከማቹ፤ መሰብሰቢያውም አስቀድሞ ይፈተሽ። የዚያን ቀን የሞባይል ኔትወርክ ተጨናንቆ ነበር፤ የጥሪ ዝርዝራችሁ በሞባይል ብቻ ከሆነ ሬዲዮ ጨምሩበት።