የሙዚየም ቅጥር በዲግሪ ወይስ በተግባር ፈተና? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ሙዚየሞችና የቅርስ መሥሪያ ቤቶች ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡ ለታሪክ ምሩቅ ቅድሚያ ይስጡ? ወይስ የትምህርት መስኩ ምንም ይሁን ምን አመልካቹ ዕቃ ፊቱ ተቀምጦለት በተግባር ይፈተን? ስድብ የለም፤ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።

ሰነድ አንባቢ፦
ቅድሚያው ለታሪክ ይሰጥ ባይ ነኝ። ዕቃን አቧራ ከማራገፍ በፊት ምንነቱን ማወቅ ይቀድማል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ 1896ን ገልብጦ መግለጫ ካርድ ላይ «1896 ዓ.ም.» ብሎ የለጠፈ ሰው ድሉን ስምንት ዓመት ወደፊት ገፋው ማለት ነው። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል፤ ይህን የሚስት ሰው ጎብኚ ፊት ሊቆም አይገባም።

ብራና ላይ ደግሞ ይብሳል። ጸሐፊው መጨረሻው ላይ ዘመኑን ከፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው ዓመተ ዓለም 7360 ብሎ ቢተው 5500 ቀንሰህ 1860 ማለት አለብህ። ዓመቱ የሚሰየምበት ወንጌላዊም ማመሳከሪያ ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ስታካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። 7360 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ጽሑፉ «በዘመነ ሉቃስ» ካለ ወይ ገልባጩ ተሳስቷል፣ ወይ ቁጥሩ በኋላ ተፍቆ ተነካክቷል። ይህን በሦስት ቀን ሥልጠና አታመጣውም።

ግምጃ ቤት፦
ስሌቱ ያምራል፤ ግን ብራናውን ማን ይግለጥልህ? 180 ዲግሪ ዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስተኛው ሰው ድጉሱን (የቆዳ ሽፋኑን) ከጀርባው ይሰነጥቀዋል። በሁለቱም ገበታ (የእንጨት ሽፋን) ሥር ትራስ አስገብቶ በ90 ዲግሪ ግድም የሚከፍት፣ እጁን ታጥቦ በደንብ አድርቆ የሚነካ ሰው ነው የምፈልገው።

ዕቃ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥር መስጠት ነው። 2016.4.12 ካልን በ2016 ከተደረጉት ርክክቦች በ4ኛው የገባ 12ኛ ዕቃ ማለታችን ነው። ቁጥሩን የብረት መስቀል ላይ ለማስፈር መጀመሪያ በአሴቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ግልጽ ሙጫ በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ይጻፋል፤ ጽሑፉም ሲደርቅ ሌላ ስስ ሽፋን ይደረብበታል። የቸኮለ ሰው ቀለሙን ያጨማልቀዋል። በጥፍር ቀለም የሚሠሩም አሉ፤ እሱ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ይላጣል፣ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። ቁጥር የሌለው ዕቃ ደግሞ ታሪክ የሌለው ዕቃ ነው። ጨርቅ ከሆነ ቁጥሩ ጥጥ ሪባን ላይ ተጽፎ በሁለት ሦስት ስፌት ይያያዛል። ወረቀትና ብራና ላይ ለስላሳ እርሳስ ብቻ። እስክሪብቶና ፕላስተር ይዞ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባውን ሰው ዲግሪው አያድነውም።

ብርሃንንም ልጨምር። ለብራና፣ ለውሃ ቀለምና ለጨርቅ 50 ሉክስ ነው ልኩ። ካባ መስኮት አጠገብ ሰቅሎ «ደምቆ ይታይ» የሚል ሰው በጥቂት ዓመት ቀለሙን ይጨርሰዋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ፈተናው ይኑር። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ዕቃ፣ ሁሉም ለመለማመጃ የተገዙ እንጂ ቅርስ ያልሆኑ። ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ቅጹ ይሞላ፣ ጉዳቱ ይጻፍ።

ገና ምሩቅ፦
ግምጃ ቤት፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ልክ ነው እንበል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለብን፤ 50 ያላመጣ አይመረቅም። አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና? ፓራሎይድ የሚባለውን ነገር ተማሪ የት አግኝቶ ይለማመደው? የትምህርት ክፍሉ ስም «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር» ተብሎ የተቀየረባቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ ዕቃ የሚነካ ተማሪ ብዙ የላቸውም። ፈተናው ቢመጣ የሚያልፈው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እያደረ ስድስት ወር በነጻ ማገልገል የቻለ ልጅ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣው የቤት ኪራይ በምን ይከፍላል?

ግምጃ ቤት፦
እህቴ፣ የነጻ አገልግሎቱን እኔም አልደግፍም፤ የሠራ ይከፈለው። ግን ፈተናው ላይ ኬሚካል የሚጠይቀው ትንሹ ክፍል ነው። መለካት ማስመሪያ፣ መመዘን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ፎቶ ማንሳት ስልክና ነጭ ጨርቅ ነው የሚፈልገው። ከአያት የተረፈ ጀበና ላይ መለማመድ ይቻላል። ሚሊሜትር መጻፍ ሲገባው «መካከለኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በጀበናውም ይታወቃል።

የወረዳ ባለሙያ፦
ሁላችሁም አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምና ስድስት ኪሎ ኢትዮጵያ ጥናት ቆማችሁ ነው የምትከራከሩት። ከዚያ ውጭ የሥራ ቦታ ያለው የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራው ምዝገባ ነው፤ ብዙው ተንቀሳቃሽ ቅርስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

እዚያ የሚበላሸው እንዲህ ነው። መዝገቡ ላይ «የብር መስቀል፣ 1» ተብሎ ይጻፋል። መስቀሉ በተሰረቀ ማግስት ፖሊስ በዚህ መግለጫ ምንም አያገኝም፤ አገሩ ሁሉ የብር መስቀል ነው። ሊጻፍ የሚገባው ቁመትና ወርድ በሚሊሜትር፣ ክብደት በግራም፣ እጀታው ላይ የተቀረጸው ስም ፊደሉ ሳይታረም እንዳለ፣ ከዚያም ሌላ መስቀል ላይ የማይገኝ ጉዳት ነው፦ «ከታች በግራ ያለው ቀለበት ተሰብሮ በመዳብ ተበይዷል»። ፎቶው ከፊት፣ ከኋላና ከጉዳቱ ላይ፣ መለኪያው አብሮ እየታየ። ዓለም አቀፉ ኦብጀክት አይዲ የሚባለው መለያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ወደ ዕቃ ቤቱ ለመግባትስ? ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ፣ የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ፣ ከዚያ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ቄስ ገበዙ። ቅዳሴ ባለበት ጠዋት ሄዶ በር የሚያንኳኳ፣ ወይም «ታቦቱንም ልመዝግብ» የሚል ባለሙያ በሩ ይዘጋበታል፤ ከሱ በኋላ ለሚመጣውም አይከፈትም። ይህን የታሪክ ዲግሪም የላቦራቶሪ ሥልጠናም አያስተምረውም።

ሰነድ አንባቢ፦
ቄስ ገበዙን ለማናገር ግን የደብሩን ታሪክ ያወቀ ሰው ይሻላል። ማን እንደተከለው፣ የትኛው ንጉሥ ጉልት እንደሰጠው ጠቅሶ የገባ እንግዳ ቡና ይፈላለታል።

የወረዳ ባለሙያ፦
ቡናውስ ይፈላል። ብዙ አውቃለሁ ባይ ከሆነ ግን ከቡናው አያልፍም።

መዝገብ ቤት፦
አንድ የዘነጋችሁት ነገር አለ። ምሩቁ ከመፈተኑ በፊት የሚወድቀው ምልመላ ላይ ነው። ማስታወቂያው «ቅርስ አስተዳደር፣ አርኪዮሎጂ ወይም ተዛማጅ» ይላል፤ የሰው ሀብቱ ባለሙያ ደግሞ የዲግሪውን ስም ከማስታወቂያው ጋር በፊደል ያመሳክርና «ታሪክ» የሚለውን ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ከሬጅስትራር የኮርስ ዝርዝር ማውጣት ነው። ቅርስ፣ ሙዚየም ወይም የመዛግብት አያያዝ የሚሉ ኮርሶች ካሉበት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ፣ «ተዛማጅ መሆኑ ይታይልኝ» የሚል አንድ መስመርም ይጨመር። ቅሬታ ካለም ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ይግባ፤ በቃል የተነገረ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሙዚየም ብቻ አትፈልጉ። ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም የድሮው ወመዘክር አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱም የሪከርድና ማኅደር ክፍል አለ። የታሪክ ምሩቅ ሳይሠለጥን ጥሩ የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ሰነድ ሲረከብ የመጣበትን ክፍል ቅደም ተከተል አያፈርስም፤ ደብዳቤን «ስለ ግብር» ብሎ ከየፋይሉ የሚለቃቅም ሰው ማን ለማን መለሰ የሚለውን ያጠፋዋል። የዛገውን ስፒል ነቅሎ ያወጣል፣ ገጹን በእርሳስ ይቆጥራል፣ የታጠፈውን ጥግ ያቃናል። ማስታወቂያ ስታነቡ «ሙዚየም» ብቻ ሳይሆን «ሪከርድ» እና «ማኅደር» የሚሉትንም ፈልጉ።

ገና ምሩቅ፦
ይኼ ጠቅሞኛል። ማስጎብኘትስ? አንድነት ፓርክ በ2012፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ተከፍተዋል።

መዝገብ ቤት፦
ቋንቋ ካለሽ ጥሩ ነው። ቅርስ ቦታ ላይ በግል ለማስጎብኘት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ላሊበላን የመሰለ ቦታ ደግሞ የራሱ አስጎብኚዎች ማኅበር አለው፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ።

አወያይ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፈተናው ይኑር ካልን ማን ያርመዋል? ቅጥር ላይ ዘመድ መሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ግምጃ ቤት፦
ሁለት አራሚ፣ አንዱ ከሌላ መሥሪያ ቤት። ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ኮድ። ሦስቱ ዕቃዎች አስቀድመው በባለሙያ ይለካሉ፣ ልኩ በፖስታ ይታሸጋል። የተፈታኙ ልክ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ነጥብ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ዝምድና አይረዳም፤ ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ሰነድ አንባቢ፦
ከሦስቱ አንዱ ዘመኑ የተጻፈበት ደብዳቤ ይሁንና ከ100ው 40 ነጥብ ይያዝለት። ያኔ ቅድሚያ የሚለውን ክርክሬን አነሳለሁ።

ግምጃ ቤት፦
30።

የወረዳ ባለሙያ፦
እሷን 10 ለኔ ስጡኝ። ተፈታኙ ለቄስ ገበዝ የሚጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ያርቅቅ።

ሰነድ አንባቢ፦
ደብዳቤው በማን ፊርማ እንደሚወጣ ካወቀ 10ሩ ይገባዋል። በዚህ እስማማለሁ፤ 40ውን ግን አልለቅም።